ላንድሪክ ከቅስቱ ሥር የቆመ ዕለት

ከዚህ በታች ባለው ነገር ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ከጨመርኩ በእጄ ያለው ወይን ሆምጣጤ ይሁንብኝ፤ በገዳማችን የብር ሣጥን ውስጥ ያለችው የሰማዕቱ ጣት ተነሥታ ትጠቁመኝ። ላንድሪክ የሚስቴ አባት ስለነበር አጋንነህ ታወራለህ የሚሉኝ አሉ። እኔ እኮ እየቀነስኩ ነው የማወራው! ሙሉውን ባወራ ማን ያምነኛል? ባለፈው እሑድም ከቅዳሴ መልስ በወይን መጭመቂያው ቤት ለሁለት መቶ ሰው ይህንኑ ምዬ ነው የነገርኩት። ቤቱ የሚይዘው ሃያ ሰው ነው፤ የቀረው ተደራርቦ ነበር።

ላንድሪክ የቫልሮሽ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ዋና ግንበኛ ነበር። የደወል ቤቱን በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ጠራቢዎቹ ሲሰንፉበት ድንጋዩን በጥፊ ብሎ ማዕዘን የሚያወጣ ሰው። አበ ምኔቱ አባ ዦስራን አንድ ቀን ጠሩትና፣

«ልጄ፣ የእንጨት ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎብናል። በስተርጅና ሦስተኛ እሳት ማየት አልፈልግም። ከላይ የድንጋይ ቅስት አድርግልኝ» አሉት።

«አባቴ፣ ከራስዎ በላይ አንዲት የእንጨት ስንጥር ቢያዩ እጄን ይቁረጡት» አለና ማለ።

ቅስት ሲሠራ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ከግድግዳው ወጣ ባለ እርከን ላይ፣ የእንጨት ደጋፊ ይቆማል። ድንጋዩ በደጋፊው ላይ ይደረደራል፣ መሐል አናቱ ላይ መዝጊያው ድንጋይ ይገባል። ኖራው ሲደርቅ ከደጋፊው እግሮች ሥር የተወተፉት ሽብልቆች ተመትተው ይወጣሉ፣ እንጨቱም ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ለድንጋይ ተደጋግፎ መቆም ነው። ታዲያ በእኛ አገር ሽብልቁ በሚመታበት ቀን ዋናው ግንበኛ ራሱን ገልጦ፣ መቀነቱን ፈትቶ፣ አፍ እስከ ገደፉ የተሞላ የወይን ጽዋ ይዞ ከመዝጊያው ድንጋይ ትክክል ሥር ይቆማል። ቅስቱ ከቆመ ወይኑን ይጠጣል። ከወደቀ ወይኑን የሚጠጣው የለም። አልቆምም ያለ እንደሆነ ደግሞ መዶሻውንና ቱንቢውን አስረክቦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የአሳማ ጋጥ እንኳ ሥራልኝ የሚለው አያገኝም።

ላንድሪክ መቆሙን አልፈራም። የፈራው ኖራውን ነው።

መዝጊያው ድንጋይ የገባው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ውርጭ ወረደ። ውርጭ ስል ውርጭ እንዳይመስላችሁ! ሶን ወንዝ እስከ ወለሉ ረግቶ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን በመጥረቢያ ይፈልጡት ነበር። ላንድሪክ የአራት አውራጃ ፈረስ ፋንድያና ጭድ አሰብስቦ ቅስቱን ከላይ አለበሰው። ጸደይ ሲገባ ወጥቶ ጭዱን ገለጠና በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ምስማር ሰደደ። ምስማሩ አይብ ውስጥ እንደሚሰድዱት ስምጥ ብሎ ገባ። ወርዶ የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደጋፊውን ለሠራው ለአናጺው ለፉልኮ።

«ስንት ጊዜ ይበቃዋል?» አለ ፉልኮ።

«ሌላ በጋ።»

«አበ ምኔቱ የሆሳዕና ማግስት ብለዋል። የፋሲካውን ቅዳሴ ከሥሩ ሊቀድሱ።»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ፉልኮ። ደንቆሮ አይደለሁም።»

ወሬ ደግሞ ክንፍ አለው አይደል? ኢዝምባር የሚባል የመቆን ከተማ ግንበኛ በበቅሎው ተቀምጦ ከተፍ አለ። ይህ ሰው ላንድሪክ ሲወድቅ ሥራውን ሊለቅም የመጣ ነው። በገዳሙ በር ላይ ቁጭ ብሎ የለውዝ ቅርፊት እየሰበረ፣

«ላንድሪክ ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ኖራህ እርጎ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ማንኪያ ይዤ መጣሁ» አለው።

«ማንኪያህን ያዘው፣ ለአንተ አፍ አካፋ ነው የሚሻለው።»

«ኧረ አትቆጣ! ቱንቢህን ግን ጠርገህ አስቀምጥልኝ። የሰው ላብ ያለበት ዕቃ አልወድም።»

ላንድሪክ ጥሎት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ኤርሜንጋ በሩን ዘግታ ጠበቀችው። እሷም ብትሆን ቀላል ሴት እንዳትመስላችሁ፤ አንድ ጊዜ የጳጳሱን ቀረጥ ሰብሳቢ ከነፈረሱ ከደጇ አባራለች።

«ቁርጠት ይዞኛል በል» አለችው።

«ኤርሜንጋ፣ ተይኝ።»

«እግሬ ተሰብሯል በል። ካላመኑህ እኔ እሰብርልሃለሁ። ልጅህን ማን ይድርልሃል? ድንጋዩ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት። ከሥሩ ካልቆምኩ ሃያ ሁለቱንም ዓመት አልሠራሁትም ማለት ነው።»

ኤርሜንጋ ከጓዳ ትልቁን ጽዋ አመጣችና ጠርዙን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። «እንግዲያው በጥሩው ጠጣ» አለችው።

የሆሳዕና ማግስት ነጋ። ሰው! ሰው! ከኦተን፣ ከሻሎን፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቋንቋቸውን ማንም ከማያውቀው ከተራራ አገር ሳይቀር መጣ። አሥራ ሁለት ሺህ ነበር የሚሉ አሉ፤ ስስታሞች ናቸው። መስፍኑ መቀመጫ አጥቶ የወይን በርሜል ላይ ወጣ። ልጆች በቅዱሳኑ ሐውልት ትከሻ ላይ ተፈናጠጡ። ዳቦ ጋጋሪው ቅስቱ ይወድቃል ብሎ አሳማውን አስይዞ ተወራረደ፤ አሳማውም መያዣ በመሆኑ የተቆጣ ይመስል እግር ለእግር እየተሽሎከለከ ይጮኽ ነበር።

መነኮሳቱ ስድሳ ናቸው፤ በጸጥታ ሰዓት መናገር ስለማይፈቀድላቸው በእጃቸው ነው የሚነጋገሩት። ያን ቀን እጃቸው እንዴት እንደሚራወጥ ብታዩ! አንዱ «ይወድቃል» ይላል፣ አንዱ «ይቆማል» ይላል፣ አንዱ «የእኔ መቆሚያ ከመዝጊያው ድንጋይ ሥር ነው፣ ቦታ ቀይረኝ» ይላል፤ እጀ ሰፊው ቀሚሳቸው ባስነሣው ነፋስ የመሠዊያው ሻማ ሁሉ ጠፋ።

ላንድሪክ ራሱን ገለጠ። መቀነቱን ፈታ። ጽዋውን ከኤርሜንጋ እጅ ተቀብሎ ባዶውን ወለል ማቋረጥ ጀመረ። ጫማው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። መሐል ደረሰና ቀና አለ። ከላይ ጥቁር የእንጨት ደጋፊ፣ ከእንጨቱ በላይ ድንጋዩ፣ በድንጋዩ መካከል ያ እንደ አይብ የለሰለሰ ኖራ። ወይኑ ጽዋው ውስጥ ሞገድ ሠራ። በሁለት እጁ ያዘው።

«ፉልኮ!»

«አለሁ!» አለ ፉልኮ ከላይ፣ በግድግዳው እርከን ላይ ከደጋፊው እግሮች አጠገብ ቆሞ።

«ወንድሜ፣ ምታ!»

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ እርግብ ሁሉ ተነሥቶ በመስኮት ወጣ። ሁለተኛው ሲያርፍ መስፍኑ በርሜሉ ውስጥ ሰመጠ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሽብልቆቹ እየተፈናጠሩ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወለሉን መቱት፤ አንደኛው የኢዝምባርን ባርኔጣ ከነጸጉሩ ይዞት ሄደ። ከዚያ ሲጥጥ... የሚል ድምፅ መጣ። ደጋፊው አንድ ስንዝር ዝቅ አለ። በእንጨቱና በድንጋዩ መካከል ብርሃን ገባ!

ድንጋዩም ተንቀሳቀሰ።

አይቼዋለሁ! ሰው ሁሉ አይቶታል። ቅስቱ እንደሚተነፍስ ደረት ተነፋ፣ ወረደ፣ አቧራውን አወረደ። አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ ተፈንቅላ ቁልቁል መጣች። ላንድሪክ አልሸሸም። ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ድንጋይዋ ጽዋው ውስጥ ጠብ! አለች፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ይቆማል? ይወድቃል? አሳማው እንኳ ዝም አለ።

ቆመ!

ላንድሪክ ጽዋውን አንሥቶ ወይኑን ከነአቧራው ከነድንጋይዋ ጨለጠው። አባ ዦስራን አርባ ዓመት በጸጥታ ሰዓት ከንፈራቸውን ያላላቀቁ ሰው «እሰይ የእኔ ልጅ!» ብለው ጮኹ፤ ስድሳዎቹ መነኮሳት አብረው ጮኹ፤ ደወሎቹ ማንም ሳይነካቸው መደወል ጀመሩ። ኢዝምባር በበቅሎው ሲፈረጥጥ በቅሎዋ ራሷ ወደ ኋላ እየዞረች ታየው ነበር አሉ፣ በእሱ አፍራ። ደጋፊው ተነቅሎ ወጣ፤ ለሁለት ክረምት የመንደሩ ማገዶ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሰዓሊው አባ ኡርሶ ወጥተው በቅስቱ ሥር ሰማይ ሣሉበት። ያንን ሰማያዊ፣ ያን የወርቅ ኮከብ የማያውቅ አለ? መንገደኛ ሁሉ አንገቱ እስኪጣመም የሚያየው ያ ነው። እነሆ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ስንጥር የሌለበት የድንጋይ ሰማይ!

ባለፈው እሑድ እዚህ ላይ ስደርስ የመጭመቂያው ቤት በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር። እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ «ያላመነ ካለ ይኸው አያ ፉልኮ! ሽብልቁን የመታው እሱ ራሱ ነው፣ ጠይቁት!» አልኩ።

አያ ፉልኮ ጥግ ላይ ተቀምጦ በቢላዋው አንዲት እንጨት ይልግ ነበር። ቀና አላለም።

«ምንም አልመታሁም» አለ።

«አያ፣ እርጅና ነው፣ ረስተኸው...»

«አልረሳሁም። ዝናብ ነበር። አበ ምኔቱ ለጉባኤ ኦተን ሄደው ነበር። ውስጥ የነበርነው ላንድሪክ፣ አባ ኡርሶና እኔ ነን። አንዲት ዶሮም ነበረች።»

«ኢዝምባርስ?» አለ አንዱ።

«ኢዝምባር የሚባል አላውቅም።» የላገውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። «ላንድሪክ ከሥሩ ቆሟል፤ እሱ እውነት ነው። ጽዋውን ይዞ ቆመ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወይኑ ፈስሶ አለቀ፣ እሱ ግን ቆመ። 'ወንድሜ፣ ምታ' አለኝ። መዶሻውን አነሣሁ። አየሁት። መልሼ አስቀመጥኩት።»

«ከደጋፊው በታች ሳንቃ ገጠምኩበት። አባ ኡርሶ በኖራ ለሰኑት፣ ያን ሰማይ ሣሉበት። አበ ምኔቱ ሲመለሱ ኮከቡን አይተው አለቀሱ። ማን ይንገራቸው?»

«ታዲያ... ቅስቱ?» አልኩ።

«እንጨቱ ላይ ነው ያለው። እስከ ዛሬ።» ይልጋት የነበረችውን እንጨት ወደ ብርሃኑ አዙሮ አያት፤ ሽብልቅ ነበረች። «በየዓመቱ በሕማማት ከዕቃ ቤቱ በላይ ባለችው ቀዳዳ እገባና የላሉትን ሽብልቆች እቀይራለሁ። ዘንድሮ ግን ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ብሎኛል።»