ከቁጥሩ ጎን ያሉት ሁለት ፊደላት

ቤሪል ከባንኩ የመጣውን ፖስታ ቀድዳ፣ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ዓይኗን በቀጥታ ወደ መጨረሻው ቁጥር ወረወረች። ሠላሳ ስድስት ፓውንድ ከአርባ።

«ጨመረ? አሁንም ጨመረ?» አለች ብቻዋን።

በጥር የቀራት የክሬዲት ካርድ ዕዳ መቶ ዘጠና ሦስት ፓውንድ ከስድሳ ብቻ ነበር። ወለዱ ዞሮ እንዳይመጣባት ብላ ሁለት መቶ ሞልታ ከፈለች። ተገላገልኩ ስትል በየካቲት ስድስት ፓውንድ ከአርባ የሚል ወረቀት መጣ። ተበሳጭታ አሥር ከፈለች። በመጋቢት አሥራ ስድስት ከአርባ ሆነ። ሃያ ከፈለች። ይኸው አሁን ደግሞ ሠላሳ ስድስት። በከፈለች ቁጥር እንደ ሊጥ ይነፋል።

ዕዳው መጀመሪያ ስድስት ሺህ ነበር። ባሏ ኖርማን በታመመበት ክረምት የተጠራቀመ ነው፤ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር፣ ሆስፒታል መመላለሻው ታክሲ ነበር። ስለዚያ ክረምት ቤሪል ከዚህ የበለጠ አታወራም። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን በትምህርት ቤት ለልጆች ምሳ እያቀረበች፣ ወደ ማታ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ከፍላለች። መኪናዋን ሸጣለች። ሥጋና ዳቦ የምትገዛው ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ዋጋ የቀነሰበት ቢጫ ወረቀት ሲለጠፍ ነው፤ እዚያም በክርን መጋፋቱን ተክናበታለች። የእንግሊዟ የሃል ከተማ ሴቶች ሲጋፉ አይተዛዘኑም።

አንድ ነገር ግን አልሸጠችም። ኖርማን በዊዘርንሲ የባሕር ዳርቻ ላይ ያቆማትን ካራቫን፣ በመኪና የምትጎተት የመዝናኛ ቤት። ጎማ አላት እንጂ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ሃያ ዓመት አልፏታል። የኖርማን ታናሽ ወንድም ክሊፎርድ ካራቫኗን በርካሽ ለመግዛት ሲጨቀጭቃት ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ትዕግሥቷ አለቀና፣ «እስከ መጪው ፋሲካ ዕዳዬን ዜሮ ካላደረግሁ ቁልፉ ያንተ ነው፤ ካደረግሁ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አለችው። እጅ ተመታቱ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ስቅለት፣ ባንክ ዝግ። ክሊፎርድ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። የኮቱ ኪስ ወፍሯል።

«ቤሪልዬ! ሻይ አለ?»

«ውሃው ፈልቷል። ኩባያ የት እንዳለ ታውቃለህ።»

«እና? ዜሮ?»

ወረቀቱን ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ከንፈሩን መጠጠ። «ሠላሳ ስድስት ከአርባ። አቤት ሲያሳዝን! ተራራውን ጨርሰሽ ጫፉ ላይ ጫማሽ ወለቀ።»

«ያዘነ ሰው እንዲህ አይስቅም።»

«ምን ላድርግ፣ ገንዘቡን ይዤ መጥቻለሁ። ደግሞ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ በበጋ አንድ ሁለት ቅዳሜ ብታድሪበት እፈቅድልሻለሁ።»

«ባሌ በሠራው አልጋ ላይ፣ አንተ ፈቅደህልኝ?»

ክሊፎርድ ቀና ብሎ አላያትም። «ውል ውል ነው» አለ ወደ ሻዩ።

«ፋሲካ ገና እሑድ ነው» አለችና ስልኩን አንስታ ወደ ባንኩ ደወለች። እሱም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው። የባንኩ የማቆያ ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ተጫወተ። ክሊፎርድ ብስኩት ይበላል።

«ስድስተኛህ ነው። እየቆጠርኩ ነው።»

«አሁንማ ብስኩትም ቆጠርሽብኝ?»

ሙዚቃው ተቋረጠ። «ጃኒስ እባላለሁ፤ ምን ልርዳዎት?»

ቤሪል ስሟንና የካርዱን ቁጥር ሰጠች። «ሠላሳ ስድስት ፓውንድ ከአርባ አሁኑኑ ልክፈልና እንለያይ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ የኔ እመቤት፤ ስከፍል የሚጨምረው በየትኛው ሕግ ነው?»

የኮምፒውተር ቁልፎች ድምፅ ተሰማ።

«ለምንድን ነው የሚከፍሉት?» አለች ጃኒስ።

«ዕዳዬ ነዋ!»

«ወረቀቱ አጠገብዎ ነው? ከቁጥሩ ጎን ሁለት ፊደላት ይታዩዎታል?»

«ሲ እና አር። ክሬዲት ማለት አይደል? ክሬዲት ካርድ ላይ ክሬዲት። አምስት ዓመት ያቃጠለኝ እሱ አይደል እንዴ!»

ጃኒስ ሳቋን ስትውጥ ተሰማ። «አይደለም። እዚያ ጋ ሲጻፍ ትርጉሙ ይገለበጣል። እኛ ጋ የተቀመጠ የእርስዎ ገንዘብ ነው ማለት ነው። አስበልጠው ነው የከፈሉት። ዕዳ ያለብን እኛ ነን።»

«እናንተ? የኔ ዕዳ?»

«አዎ። የእርስዎማ በጥር አልቋል።»

የክሊፎርድ ብስኩት አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ቤሪል ስልኩን ወደ ክሊፎርድ አስጠጋችው። «እስቲ ድገሚው፤ ዋርሳዬ ጆሮው ትንሽ ከበድ ይላል።»

«የእርስዎ ዕዳ በጥር አልቋል!» አለች ጃኒስ ጮክ ብላ።

«ገንዘቤን መቼ ነው የምትመልሱት?»

«በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ።»

«ወለዱስ?»

አሁን ጃኒስ መሳቋን አልደበቀችም። «ወለድ እንኳ የለውም።»

«እኔ ስዘገይ ወለድ፣ እናንተ ስትዘገዩ የለውም! ይሁን፣ ምሬያችኋለሁ። ካርዱን ዝጊልኝ። ስትዘጊው ንገሪኝ፣ ልስማው።»

ቁልፎቹ ተንኳኩ። «ተዘግቷል» አለች ጃኒስ።

ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ክሊፎርድ ኪሱን ከላይ ዳበሰው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጣራዋ ያፈሳል እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መሰላልህን ይዘህ ና።»

«እኔ? የማልገዛትን ካራቫን ጣራ?»

«ሰባት ብስኩት በልተሃል፣ ክሊፎርድ።»

ፊቱ እንዴት እንደሆነ ባየች ጊዜ ሳቋ አመለጣት። አንዴ ከወጣም አልመለስ አለ። ከጎረቤት በኩል ግድግዳው ተደበደበ።

«ይቅርታ!» ብላ ጮኸች፤ መሳቋን ግን አላቆመችም።