የእትዬ ፈትለወርቅ ጭብጨባ

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኮምፓይለሩ አንድ ጭብጨባ እንደጎደለ ነገረኝ። ጭብጨባው የሚገኝበትንም አድራሻ ጻፈ፦ ብሎክ 14፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 22።

ስህተቱ የእኔ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ኮምፓይለሩ የጻፍነውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር በእኔ ላፕቶፕ አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሦስቱንም ጊዜ ያው መስመር መጣ። በሦስተኛው ላይ «ሲያንኳኩ ቀስ ይበሉ» የሚል ተጨምሮበታል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

ኮዱ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውም ቀላል ነው። ቀስቶች ከስክሪኑ ግርጌ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ተጫዋቹ ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል ቁልፍ ይመታል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች ግን የእኛን የሰርግ ዘፈን ምት አያውቁትም፤ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ኢንጂናቸው አራት አራት እያለ ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ያፌት የራሳችንን ኢንጂን መጻፍ ከጀመርን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ኮዱ የእኔ፣ ሥዕሉ የእሱ ነው። ዓርብ እንለቀዋለን ብለን ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ቃል ገብተናል።

ያፌት ስደውልለት አልገረመውም። ከአንተ ኮምፓይለሩን አምናለሁ፣ ሂድና አምጣ አለኝ።

የቤት ቁጥር 22 የእትዬ ፈትለወርቅ ነው። በእኛ ኮንዶሚኒየም ያለ እሳቸው ጭብጨባ የሞቀ ሰርግ የለም። ሙሽራ ስትገባ መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸው እጅ ነው፤ ሌላው ይከተላል። የስህተቱን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ለስንት ቀን ነው?»

«እስከ ቅዳሜ፣ እትዬ።»

«እሁድ የሶስና ሰርግ ነው። ልጄን ያለ ጭብጨባ አልድርም።»

«ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።»

«ጥር ላይ የወሰድከውን ድስት ስትመልስ ክዳኑን አስቀርተሃል።»

«ክዳኑንም ይዤ እመጣለሁ።»

አንድ ጊዜ አጨበጨቡ፤ በስልኬ ቀዳሁት። መቀዳቱን እንዳረጋግጥ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው። መዳፎቻቸው ተገናኙ፤ ድምፅ አልወጣም። «ወስደኸዋል» አሉና በሩን ዘጉ።

ኢንጂኑ ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጠናቀቀ። ዓርብ ለቀቅነው። ተጫዋቾቹ ከሁሉም ጭብጨባውን ወደዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ለመመለስ ስል የጭብጨባውን ፋይል አጠፋሁት። ኢንጂኑ አጨበጨበ። ኮዱን በሙሉ አጠፋሁት፤ አሁንም አጨበጨበ። ያፌት የተቦካ ሊጥ ተመልሶ ዱቄት ሲሆን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም።

ክዳኑን ብቻ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ክዳኑን ተቀብለው ሌላውን እጄን አዩት።

«ነገ አዳራሹ ውስጥ ከላፕቶፔ ይሰማል» አልኳቸው።

«ሳይዘገይ?»

«ሳይዘገይ።»

እንዲህ ያልኩት እኔ በራሴ ጨዋታ ከመቶ ነጥብ ከስልሳ አንድ በላይ አግኝቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያፌት ለሰርጉ ከተቀጠረችው ዘፋኝ የመግቢያውን ዘፈን ጠይቆ ቀስቶቹን አሰናዳ። እኔ ጣቴ እስኪያብጥ ተለማመድኩ። ማታ ዘጠና አራት ደረስኩ።

እሁድ በሰባት ሰዓት ከእትዬ ወንበር ጀርባ ተቀመጥኩ። ስፒከሩን ከወንበራቸው ሥር አደረግሁት፤ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ። ሶስና በአባቷ ክንድ ተደግፋ ከበሩ ገባች። ዘፋኟ ጀመረች። እትዬ እጆቻቸውን አነሱ፤ ቁልፉን መታሁ። ስክሪኑ «ፍጹም» አለ።

አዳራሹ ተከተለ። ሰባ ጊዜ መታሁ፤ ሰባውም ፍጹም ነበር። አንዲት ሴት ወደ እትዬ ጎንበስ ብላ ዛሬስ እጅዎ ጨምሯል አለቻቸው። በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል እየሠራሁ እንደሆነ አወቅሁ።

ጠንቃቃ ስለሆንኩ ግን በቁልፌና በእትዬ መዳፍ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ለካሁ። ከእሳቸው መዳፍ በሠላሳ ሚሊሰከንድ እቀድም ነበር። እንዲህ ከሆነ እኔ እሳቸውን አልተከተልኩም ማለት ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ምት አዘገየሁት። መዳፎቻቸው ዘገዩ። የአዳራሹም ዘገየ። ከዚያ ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ።

የእትዬ እጆች አንድ ስንዝር ተራርቀው ቆሙ። የሦስት መቶው እንግዳ እጆችም ቆሙ። የከበሮ መቺው መዳፍ ከቆዳው በላይ ቀረ፤ ዘፋኟ አፏን እንደከፈተች ናት። ምንጣፉ መሃል ላይ ሶስና ፈገግታዋን ሳትቀንስ፣ ቀኝ እግሯን ከመሬት አንስታ ትጠብቃለች። ማንም አልደነገጠም።

«ቀጥል እንጂ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «እግሯ ይደክማታል።»

ከስክሪኑ ግርጌ ቀጣዩ ቀስት መውጣት ጀመረ። ከእሱ በታች ያሉትን ለመቁጠር ሞከርኩ፤ አያልቁም።