ለበሬ የሚሆን ጎረቤት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አማኝ ሰው አይምልም እንጂ መማል ቢፈቀድ ኖሮ በዳሞታ ተራራ ይማልበት ነበር። አንዲት ቃል ከተጨመረችበት ተራራው ተነሥቶ ሻንቶ ገበያ መሐል ይቀመጥ! እማኝ የሚፈልግ ካለ ደግሞ መላው ሶዶ እማኝ ነው።

ደገፉ ሶዶ ከተማ፣ በቦዲቲ መንገድ ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ሱቅ መባሉ እንኳ ለትሕትና ነው፤ በዞኑ ውስጥ ከደገፉ ቆርቆሮ ያልተገዛለት ጣሪያ ቢኖር የወፍ ጎጆ ብቻ ነው። ሚስቱ ምሕረት አዋላጅ ነርስ ናት። ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ያለ አንድ ሆስፒታል ቀጠራትና ቤተሰቡ ሁሉ፣ ትልቋ ሣራና ትንሹ ቤኒ ሳይቀሩ፣ ሊሄዱ ሆነ። ሥራው ተገኘ፣ ወረቀቱ አለቀ። የቀረው የት ሰፈር እንደሚኖሩ መወሰን ነበር።

ነገሩን ያበላሹት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ቦልቴ ናቸው። ሱቁ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጠው፣ ምንም እንዳላሰበ ሰው ጠየቁ።

"ደገፉ፣ ሚስቱ ሥራ አግኝታ እሱ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?"

"ባል ይባላላ!"

"ሻንጣ ነው የሚባለው። ያውም ጎማ ያለው፤ ሲጎትቱት ኮረኮንች እንኳ የማይመርጥ።"

ጎረቤቱ ኤልሳዕ በሳቅ ከሚስማር ካርቶኑ ላይ ወደቀ። ደገፉም ሳቀ፤ ነገር ግን 'ሻንጣ' የምትለዋን ቃል አልረሳትም። ሶዶ ውስጥ ቅጽል ስም እንደ ቆርቆሮ ዝገት ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ማታ ቤት ሲገባ ሣራ አዲሱን ሻንጣ በሳሎኑ ዙሪያ ስትጎትት አገኛትና ጆሮው ጋለ።

በማግሥቱ ለጋሽ ቦልቴ፣ "ቤቱን የምመርጠው እኔ ነኝ" አላቸው። "ቤት የሚመርጥ ሻንጣ አይተው ያውቃሉ?"

ከዚያማ ለኪጋሊው ደላላ በቪዲዮ ደወለለት። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ፤ ሌላው ከከተማ ወጣ ያለ፣ ሰፊ ጓሮ ያለው። ደላላው ወግ ነውና ከመታጠቢያ ቤቱ ጀመረ። ደገፉ እንግሊዞች ቢሰሙት ቋንቋቸውን ትተው በሚሸሹበት እንግሊዝኛ አስቆመው።

"መታጠቢያውን ተወው። እንሰት የሚተከልበት ጓሮ አሳየኝ!"

ደላላው ከጓሮው አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ ወደ ስልኩ አስጠጋ። ደገፉ ሶዶ ሆኖ አሸተተው።

"ፍግ ይጎድለዋል፤ ግን ሰው ይሆናል። አሁን ጎረቤቶቹን ጥራቸው።"

"ለምን ጌታዬ?"

"ለመስቀል በሬ ቅርጫ ይገቡ እንደሆነ ልጠይቃቸዋ!"

ወላይታ ላይ ቤት በክፍል ብዛት አይመረጥም። መስቀል ሲደርስ ለበሬው አብሮ የሚገባ ጎረቤት ነው ቤቱን ቤት የሚያደርገው። ብቻውን በሬ የሚጥል ሰው ሀብታም አይባልም፣ ይታዘንለታል።

የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደገፉ አንድ በአንድ በስልኩ መረመራቸው። ቀጭን ሲያይ፣ "ይሄ ብዙ አይበላም፣ ይግባ!" ወፍራም ሲያይ፣ "ይሄ ሁለት መደብ ይውሰድ፣ አንዱ አይበቃውም!" ሕዝቡ በመብዛቱ ረብሻ የመሰለው ፖሊስ እየሮጠ ደረሰ፤ እሱም ተመዘገበ። ደላላው እንባውን እየጠረገ፣ "እንዲህ ያለ ተከራይ ኪጋሊ አይታ አታውቅም" አለ። ደገፉም ባለጓሮውን ቤት እዚያው ወሰደ።

የሽኝቱ ምሳ ቀን ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ክትፎው በቆጮ ቀረበ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ ደገፉም ይህንኑ ታሪክ ለጋሽ ቦልቴ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ተረከ። ፖሊሱ በዚህ ጊዜ ሦስት ሆኗል፣ አንደኛው ፈረስ ላይ ነው። ጋሽ ቦልቴ ጣታቸውን ከክትፎው አንሥተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲህ ቃሌን አንሥቻለሁ። ሻንጣ አይደለህም።"

ደገፉ ቁመቱ በአንድ ክንድ ጨመረ። ሽማግሌው ግን ወደ ምሕረት ዞር አሉ።

"ለመሆኑ እንዲህ ነበር፣ የሣራ እናት?"

ምሕረት ማባያውን፣ የቃሪያ ዳጣውን፣ ልታቀርብ ጎንበስ ብላ ነበር። ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

"ያን ቀን የሣራ አባት ቦዲቲ ነበር፣ ቆርቆሮ ሊያራግፍ" አለች በዝግታ። "ደላላውን ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ቤቱም ፎቅ ላይ ያለው ነው፤ ሌሊት ምጥ ሲመጣ በእግሬ የምደርስበት። ጓሮ የለውም።"

ደገፉ ቆጮውን እንደጎረሰ ማኘክ ረሳ። ጥግ ላይ ሻንጣው ቆሟል።

ምሕረት ዳጣውን ወደ ባሏ ጠጋ አደረገችለት።

"ስለ በሬው ግን ጠይቄልሃለሁ፣ የሣራ አባት። ታች ያሉት ጎረቤቶች 'እንገባለን' ብለዋል። 'ጥሬ ሥጋ ግን አንበላም' አሉ።"