ሰማያዊው አምፖል ሲበራ

ቨርሊን አልሞተችም። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ነገረው፣ ልቧን ከፍተን ጠግነናል አለ፣ ይመታል፣ ደህና አድርጎ ይመታል፣ ይህን ብሎ ወደመጣበት ተመለሰ፣ ኦዴል ግን አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል፣ ሠላሳ ዓመት የቧንቧ ፋብሪካ ሥራ ያላጠፈው ጉልበት በአንዲት ቃል ይከዳዋል? ይመታል። እሰይ። እሰይ፣ አንቺ ጉደኛ።

ተነሥ እንጂ፣ ሂድ፣ እያት። በሩ ላይ ግን ጽሑፍ አለ። ቤተሰብ ብቻ። ይህች ከተማ፣ በርሚንግሃም፣ ደግሞ በር ላይ መጻፍ ትወዳለች፣ ጥቁር ልጅ ሆኖ ነጭ ብቻ የሚለውን አንብቧል፣ ያ ተነቅሏል፣ ይሄኛው ግን አለ፣ እሱ ደግሞ ለቨርሊን ምኗም አይደለም፣ ባሏ አይደለም፣ ወንድሟ አይደለም፣ ቢጠይቁት ምን ሊል ነው፣ ውሸቱ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ የድሮ ውሸት፣ አንድ ጊዜ ሞክሮት አልሠራም።

ቤተሰብማ ነበረው። አባቱ ልጁ ወንድ እንደሚወድ የሰማ ቀን አልተቆጣም፣ አልመታውም፣ የኦዴልን ጫማ በረንዳው ላይ አስቀምጦ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጫማው በቂ ነው፣ ገባው፣ አደረገውና ሄደ። የት አደረ፣ ምን በላ፣ ያንን አያወራም፣ ለሮስኮም አላወራም።

ሮስኮ። ምን ይገትርሃል አንተ፣ ምሰሶ ነህ? ያለው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፣ ሚስ ዞላ ቤት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የፊቱ ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ጓዳው የእነሱ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ እንደመጣ ሰው ክራባታቸውን አስረው ይገባሉ፣ ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ የሮስኮ ትልልቅ እጆች። ወንድ ከወንድ ሲጨፍር የተያዘ ይታሰራል፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሥራውም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሚስ ዞላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፣ ፖሊስ ብቅ ሲል ማብሪያውን ትጫናለች፣ ጓዳው ጣሪያ ላይ ሰማያዊ አምፖል ይበራል፣ ሁሉም የያዘውን ለቆ፣ ወንድ ከሴት ሆኖ፣ የተመደበለትን ይይዛል። ሮስኮ ኢሞጂንን፣ ኦዴል ደግሞ የኢሞጂንን ፍቅረኛ፣ ቨርሊንን።

ረገጥከኝ፣ አንተ ፋብሪካ፣ ትላለች ቨርሊን። ዝም በይ፣ ገብተዋል። ቢገቡስ፣ እግሬ ሳይተርፍ እኔ ልተርፍ? አንድ ቀን አንዱ ፖሊስ ጥርጣሬ ገባው፣ እስቲ ሳማት አለ። ሳማት። በሕይወቱ የሳመው የሴት ከንፈር እሱ ብቻ ነው፣ ፖሊሱ እንደወጣ ቨርሊን አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ምነው ሽንኩርት እንኳ ብትተው? ኢሞጂን ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ።

ዝናቡስ? የዝናቡ እሁድ። ነጎድጓድ ነበር፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለና አምፖሉ በራሱ በራ፣ በቃ፣ ሁሉም ተለዋወጠ፣ አንድ ሸክላ እስኪያልቅ ጨፈሩ፣ ላብ በላብ፣ በሩን ላለማየት አንገት ደንድኖ፣ የቨርሊን ልብ ደረቱ ላይ ሲደልቅ ይሰማዋል። ማንም አልመጣም። ሚስ ዞላ አንገቷን አስግጋ፣ እናንተ፣ ምን ነክቷችኋል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሮስኮ ግን አልሳቀም። ዝናብም መፍራት ጀመርን? አለ። ይህን ብቻ።

ሁሉም ነገር ከዚያ መጣ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስልክ አስገቡ፣ ቤተሰብ ያባረረው እንዲደውል፣ ሮስኮ ያነሣል፣ ቨርሊን ታነሣለች፣ ኦዴል ከሚያወራ ማደሪያ ላጡት አልጋ ቢዘረጋ ይሻለዋል፣ ዘረጋ። ከዚያ ከእንግዲህ አንደበቅም ያሉበት የመጀመሪያው ሰልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ሲሄድ ቨርሊን ከኋላ ነጥቃ፣ መላጣህም አየር ያግኝ እንጂ!

ሮስኮ ያንን አላየም። በሽታው ቀድሞት ነበር። እንዲህ ያለ ኮሪደር፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ፣ የአጎቱ ልጅ ነኝ አለ ኦዴል፣ የሮስኮ እህት ከውስጥ ወጥታ፣ ይሄን ሰውዬ አናውቀውም። ግቢው ውስጥ ቆመ። መስኮቶቹን አየ። የትኛው የሮስኮ እንደሆነ አላወቀም፣ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አባባ። ነርሷ ናት፣ ልጅ እግር፣ ፊቱ ቆማለች። የሚስ ቨርሊን ባለቤት ነዎት? በል፣ በል እንጂ፣ ነኝ በል፣ አንድ ቃል ነው፣ በሩ ይከፈታል። አይደለሁም። ወንድሟ? አይደለሁም፣ ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሽማግሌ፣ ደግሞ ግቢ ልትቆም ነው? ታዲያ ምኗ ነዎት? አብረን እንጨፍር ነበር፣ ይላል፣ ፍቅረኛዬና ፍቅረኛዋ... እሱ ሮስኮ፣ እሷ ኢሞጂን። እኛ ለፖሊስ ነበር የምንጨፍረው።

አለው። አፉ ራሱ ተናገረው።

ነርሷ ትስቃለች። አትስቂ ሊላት ነው። አባባ፣ እርስዎንማ ነው የምፈልገው፣ ከመተኛቷ በፊት ቤተሰብሽ ማን ነው ስንላት፣ ፊቱን የቋጠረ ረጅም ሽማግሌ ይመጣል፣ ሲጨፍር እግር ይረግጣል፣ እሱ ነው አለችን፣ ይግቡ እንጂ።

እሱ ነው። ጉልበቱ ይነሣል፣ ሳያዙት፣ ትንፋሹ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ረጅም፣ ስንት ዘመን ይዞት ኖሯል። በሩ ይከፈታል፣ ማንም ክንዱን አይዝም። ቨርሊን አልጋው ውስጥ አንሳለች፣ ቱቦ በቱቦ ሆናለች፣ አንድ ዓይኗን ትገልጣለች። ምን ታፈጣለህ፣ አልሞትኩም። አውቃለሁ። ታዲያ ተቀመጣ፣ ትገተራለህ እንዴ? ይቀመጣል። እጇን ይይዛል፣ ይሞቃል።

ሚስ ዞላ የለችም፣ ቤቷ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሮስኮ የለም። ኢሞጂን አምና አረፈች። ኦዴል አለ፣ ቨርሊን አለች።