የመዲና ሦስት ልጆች

ዘሊካ ደም እየፈሰሳት ከረመች። ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር በሠራተኝነት የተቀጠረችባቸው እመቤቷ እንዳያዩባት ጨርቋን ተደብቃ ስታጥብ የደረሰችባት እዚያው ቤት አብራት የምትሠራው መዲና ናት፤ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭና ሐኪም ቤት አደረሰቻት። መዲና ካርቱም ያረጀች የወሎ ሴት ናት፣ ዓረብኛው እንደ ውሃ ይወርድላታል።

ዶክተር ሳሊህ «ባል አላት? ልጅስ?» ብሎ ሲጠይቅ መዲና መች ታስቀድማት! ፈት ሴት በማህፀን ስትታመም አገሩ የሚያወራውን ታውቃለችና «ባለትዳር ናት፣ የሦስት ልጆች እናት» አለችላት። ዘሊካ ዓረብኛው ገብቷት ነበር፣ ግን አፍራ ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? አንዳንዴ መዳብም አይሆን።

ከማህፀኗ በር ሥጋ ቆንጥረው መረመሩና ካንሰር ነው ተባለ። ሳሊህ ድምፁን አለሳልሶ «አይዞሽ፣ ማህፀኑን እናወጣዋለን። አላህ ሦስት ልጅ ሰጥቶሻል፣ ይበቃሻል» አላት።

መዲና ዝም በይ ብላ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ዘሊካ ግን እጮኛዋን ኢሳን አሰበች፤ አል-ማንሺያ ሰፈር ዘበኛ ነው፣ ሊያገባት ቀን ቆርጧል፣ «ልጃችን እንዳንቺ ፍንጭት ይሁን» እያለ ያስቃታል። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ዶክተር፣ ወላሂ አንድም ልጅ የለኝም! ባልም የለኝም፣ ከፈታሁ ቆየሁ። እባክህ ልጅ ሳላቅፍ አታስቀረኝ።»

መዲና በተጎናጸፈችው ቶብ ፊቷን ሸፈነች። ሳሊህ እስኪወጣለት ተቆጣ። ከዚያ ተንፈስ አለና «እንዲህ ከሆነማ ቢላዋ ሳናነሳ ሥጋውን ሌላ ዓይን ይየው» ብሎ ወደ አንድ አንጋፋ መርማሪ ላከው። ሰውየው በሌላ ቀለም አቅልሞ ቢያየው፣ ሊምፎማ የሚሉት የንፍፊት ካንሰር ኖሯል! አንገትና ብብት የሚለምደው በሽታ ማህፀን በር ላይ ሲገኝ ብርቅ ነው።

«ይሄኛውን በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ያቀልጠዋል፣ ቢላዋ አያሻውም» አላት ሳሊህ። «የልጁን ነገር ግን ቃል አልገባልሽም። እሱ የአላህ ነው።»

መድኃኒቱ አስመለሳት፣ ፀጉሯንም አረገፈው። መዲና ሳህን ይዛ ከጎኗ አትጠፋም፤ «ምላሴን በቆረጠው!» ትላለች።

«ተይ እትዬ መዲና፣ ወደሽኝ ነው እንጂ ጠልተሽኝ ነው?» ትላታለች ዘሊካ።

ዳነች። ኢሳም ፀጉሯ እስኪያድግ እንኳ አልጠበቀም፣ አገባት። ከዓመታት በኋላ ስትወልድ ሳሊህ ሊጠይቃት መጣ። ሕፃኗን አቀፈና ወደ መዲና ዞሮ «አራተኛዋ ናት አይደል?» አላት።

መዲና ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣባት።

«የለም ዶክተር፣ የመጀመሪያዋ ናት» አለች። «ወላሂ፣ የዛሬው እውነት ነው።»