ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ይህን ታሪክ ዋሽቼ ከሆነ ጥርሴ ይርገፍ፤ ያውም የፊተኛው። ሰፈሩ ሁሉ «ቀደዳ» ብሎ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። ትምህርትንም ከመሀል ነው የተውኩት፤ ወይም እሱ ነው የተወኝ። የአሁኑ ግን ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነክቼ፣ አቧራውን በአፍንጫዬ ስቤ ነው የማወራችሁ።

የታላቅ እህቴ ባል መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። መርከቡ ወደብ ሲነካ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በኮምፒውተር ይደውልላትና ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ። ያወራሉ ስል ይጀምራሉ ማለቴ ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ አንተ ግን ከሳህ እንዴ?» እንደተባባሉ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ አማቼ ወደ ምድጃው ተጠርቶ ሄዷል።

እህቴ መጀመሪያ የመብራት ጣጣ መሰላት። ቀጥሎ የኔትወርክ። ወዲያው ደግሞ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ የሚመስለው ነገር ሁሉ ይመስላት ጀመር።

«እሱ ነው የሚዘጋብኝ» አለችኝ፣ አንድ እሁድ ጠዋት አስጠርታኝ። «ሲሰለቸው ይዘጋዋል።»

«እትዬ፣ ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ያንቺን ኮምፒውተር እንዴት አድርጎ ያጠፋል?»

«አንተ አይደለህ እንዴ በመስኮት ሪሞት እያነጣጠርክ የጎረቤት ቴሌቪዥን ስታጠፋ የከረምከው? ሰውዬው እኮ ቤቴ ሰይጣን ገባ ብሎ ሊለቅ ነበር!»

እውነቷን ነው።

«ዛሬ ይደውላል» አለች። «ስማኝ ወንድምዬ፣ ዛሬም ከተቆረጠ ይሄን ኮምፒውተር ለቆራሌው እሰጠዋለሁ። ከእንግዲህ አልጠብቅም።» የመጨረሻውን ቃል ስትል ድምፅዋ ሰለለ።

ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩት በማበላሸት ነው፤ ስለዚህ በሽታውን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። የማይፈለገውን ፋይል ጠረግሁ። ገና ሲከፈት ተግተልትለው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አስቆምኩ። አንቲቫይረሱ እንዲፈትሽ አዘዝኩት፤ እሱ ሲፈትሽ፣ እኔ ስጠብቅ፣ ድርግም!

እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ሰደድኩ። ሳጥኑ የለም። ከጠረጴዛው ሥር የቆመው ነገር ዳንቴል ነው። በዳንቴሉ ላይ ዳንቴል፣ በዚያ ላይ ሌላ ዳንቴል፤ ሙሽራ ይመስላል። ከሥሩ እጄን ባስገባ እንደ ካውያ ተኮሰኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ!»

«ልብሱ?»

«ሲሄድ ‹አቧራ እንዳይነካው፣ አደራ› ብሎኝ የለም? ጥሪውን ስጠብቅ እጄ ሥራ አይፈታም፤ ሲያልቅልኝ አለብሰዋለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ኮምፒውተር የሚተነፍሰው በጀርባው ነው፤ ሙቀቱን ማራገቢያው በዚያ በኩል ካላስወጣለት፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። እህቴ ደግሞ አፍንጫውን ይዛዋለች። ናፍቆቷ ሲጨምር ዳንቴሉ ይጨምራል፤ ዳንቴሉ ሲጨምር ወሬው ያጥራል፤ ወሬው ሲያጥር ደግሞ ናፍቆቱ ይብሳል።

«እትዬ፣ ታፍኖ ነው። ይውለቅለት።»

«አይሆንም!»

«ኧረ ጨርቄን ማቄን አትበይ!»

«ጨርቄ ነዋ! ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። «ይሄ ነጩ መጀመሪያ የሄደ ጊዜ የሠራሁት ነው። ይሄ ጠርዙ የተጣመመው፣ ማዕበል አለ ተብሎ እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን። ይሄ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ በሕይወቴ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳጥኑን ነቃቅዬ ወደ በረንዳው አወጣሁት። ጎኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ብከፍተው፣ ውስጡ በአቧራና በክር ብናኝ ተሞልቶ፣ ድመት የተኛ መስሎኝ «ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፤ ማራገቢያውን እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በአፌ እፍ አልኩበት። ብናኙ ሲነሳ ሰማዩ ጠቆረ። የታች ቤቷ ልብስ ሰፊ ዝናብ መጣ ብላ የታጠበ ልብሷን ከገመድ ሰበሰበች። ጡረተኛው ፖሊስ ደግሞ ጭስ መስሎት ባልዲ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ደረሰ። ኮምፒውተሩን ከባልዲው አዳንኩት፤ ራሴን ግን አላዳንኩም።

«አንተ ቀደዳ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ የእህቴን ናፍቆት እያራገፍኩ ነው።»

«ናፍቆት እንዲህ ያስነጥሳል እንዴ?» አለና አስነጠሰ።

ከሰዓት በኋላ ጥሪው ጮኸ። ሳጥኑ ራቁቱን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቆሟል። እህቴ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች። አማቼ በነጭ ቆቡ ብቅ አለ፤ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው መቆረጡ ሳይቀድማቸው በአንድ እስትንፋስ ተንጣጡ።

«ደህና ነሽ ጣራው ተሠራ ጉልበትሽስ?»

«ደህና ነኝ ተሠራ ተሽሎኛል አንተ ትበላለህ ወይ?»

«እበላለሁ ናፍቀሽኛል ቻው!»

«ቻው!»

ስክሪኑ እስኪጠቁር ጠበቁ። አልጠቆረም። ማራገቢያው ብቻ እሽሽሽ ይላል።

«አልተቆረጠም?» አለ አማቼ።

«አልተቆረጠም።»

«እኔ እኮ... አንቺ የምትዘጊው ይመስለኝ ነበር። ስሰለችሽ።»

እህቴ ዞራ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«እና... ምን እናውራ?» አለች።

ወሬን በቁንጥር ሲቃመሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሙሉው ሲቀርብላቸው ከየት እንደሚጀምሩት ጠፋቸው። ተያዩ። አንገቱ ላይ ዘይት የጣለበትን ጠባሳ ገና ያን ቀን አየችው። እሱም ሽበቷን አየ።

«ጠጋ በይ።»

«ተጠጋሁ እኮ!»

«አሁንም ጠጋ በይ።»

አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

አማቼ ከነጋ ጀምሮ ምድጃ ሥር የቆመ ሰው ነው፤ የዱቄት ከረጢት ተደገፈና ዓይኑ ይከደን ጀመር። «እንዳትዘጊው» አለ።

«አልዘጋውም» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «መቼ ነው የምትመጣው?»

«ከክረምቱ በፊት» አለና እንቅልፍ ወሰደው።

እህቴ ወንበሯን አስጠግታ ሲተነፍስ ታየው ጀመር። አንድ ነገር ልል ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ከዚያ አልተነሳችም።

ይኸው ነው። ሰማዩ መጥቆሩ እውነት ነው። የባልዲውም ውሃ እውነት ነው፤ ካላመናችሁ ጡረተኛውን ጠይቁት። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። አማቼ «ከክረምቱ በፊት» አላለም። እህቴ ስትጠይቀው ተኝቶ ነበር። እሷም አልቀሰቀሰችውም።