ቁጥቋጦዋ አጠገብ ያለው ቋጥኝ

ሶፋ ሰፊዋ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋን ከስፖንጅ ብናኝና ከክር ቁርጥራጭ ጠርጋ ካርታውን ዘረጋችበት። እንዳይጠቀለል አንዱን ጥግ በመቀስ፣ አንዱን በመዶሻ፣ የቀረውን በባሏ ክርን አስያዘችው። ባሏ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚኒባሱ ሥራ ይፈታል፤ እሷም ወርክሾፗን ቆልፋ ለአንድ ሳምንት ሶፋ የሚባል ነገር ትረሳለች። በዚያች ሳምንት የኋላ ወንበሮቹን ነቅለው፣ በገዛ እጇ የሰፋቻቸውን ወፋፍራም ፍራሾች ጭነው፣ ቋጥኝ ፍለጋ ይዞራሉ።

ቋጥኝ መውጣት ሲባል ገመድና ተራራ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ገመድም የለበት፣ ተራራም አይደለ። ሁለት ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የሚያክል ድንጋይ ይፈለጋል፤ ሥሩ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ከዚያ በጣትና በጫማ ጫፍ እየተንጠላጠሉ መውጣት ነው። ያቃተው ፍራሹ ላይ ዱብ ይላል፣ አቧራውን አራግፎ እንደገና ይሞክራል። ዕድሜ ልክ እንዲህ እየወደቁ መኖር ምን የሚሉት ደስታ ነው ብለው ቢጠይቋት፣ "አንዴ ጫፉ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩት" ትላለች።

ዘንድሮ ሦስተኛ ተሳፋሪ አለ፤ አባቷ። ጡረታ የወጣ የሊፍት መካኒክ ነው። ገና በልጅነቷ ድንጋይ አጨባበጥ ያስተማራት፣ ከታች ሆኖ እጁን ዘርግቶ የጠበቃት እሱ ነው። ከጉዞው መልስ ሁለት ጉልበቶቹን ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ድንጋይ ለድንጋይ መንከራተት እንደሌለ ቁርጡን ነግሮታል። የዘንድሮው ጉዞ የመጨረሻው ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን ከአፉ አያወጣውም።

"ሦስት ቦታ እንመርጣለን" አለች። "አንደኛ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ክብ ድንጋዮች። ከመኪናው ብዙም አይርቁም።"

"ሁለተኛ፣ ጥድ ደኑ ውስጥ ያሉት" አለ ባሏ። "እኔ ተጋድሜ የማጨበጭብበት ጥላ ያስፈልገኛል።"

አባቷ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ካርታውን ሲቃኝ ቆየና፣ መንገድም መንደርም ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ሦስተኛ፣ እዚህ።"

ልቧ ድንግጥ አለ። የት እንደሆነ ካርታ አላስፈለጋትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየችው ያደገችው ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ቋጥኝ አለ። ሥሩ አንዲት ቁጥቋጦ አለች። ክር የመሰለች ስንጥቅ ከታች ተነስታ ቋጥኙን በሰያፍ ታቋርጠዋለች። ሰው የለበትም፤ አባቷ ገና ሙሽራ ሳለ ብቻውን ሄዶ ያነሳው ነውና ማን ይቁምለት? ሊወጣው ሄዶ ሳይወጣው ተመለሰ። ሚስቱ "ለመሆኑ ምን ያህላል?" ብትለው፣ "ስድስት ፎቅ ይሆናል" አላት። የሊፍት ሰው ስለሆነ ሁሉን በፎቅ ነው የሚለካው።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሚስቱ ቁጥቋጦዋን አየቻት። ቁጥቋጦ ማለት መቼም ከወገብ አታልፍም። ቋጥኙ ደግሞ ቢበዛ ሦስት ቁጥቋጦ ነው። "ስድስት ፎቅ!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ፎቶው እየጠቆመች፣ "ያቺ የባሌ የድሮ እጮኛ ናት፤ ደጇ ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ የተመለሰባት" ትል ነበር። እንግዳው ይስቃል፣ አባቷም አብሮ ይስቅ ነበር። ስድስት ፎቅ የሚለውን ግን ሁለተኛ አልደገመውም። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ አባቷ ዛሬም በየጠዋቱ የፎቶውን መስታወት ይወለውላል።

"መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ አባዬ" አለች።

"መንገዱን ለኔ ተይው" አለ ባሏ፣ ነገሩ ያልገባው።

"ጉልበትህስ? ከመኪና ወርዶ ብዙ ያስኬዳል ስትል አልነበር?"

"ጉልበቱ የኔ ነው። ጭንቀቱንም ለኔ ተይልኝ።"

የፈራችው ግን መንገዱንም ጉልበቱንም አልነበረም። የፈራችው የቋጥኙን ትንሽነት ነው። የዚያን እጥፍ የሚሆን ድንጋይ ስንት ጊዜ ወጥታለች። ሽማግሌው በዱላ ተደግፎ፣ ስንት ዘመን በልቡ ሲያሳድገው የኖረውን ነገር በዓይኑ ሊያይ ነው። ሄዶ ሲያየው ተራ ድንጋይ ቢሆንስ? እሷስ ሁለቴ ተንጠላጥላ ጫፉ ላይ ቁጭ ብትል፣ እሱም ከታች ሆኖ ቢያያት? ይህ እንኳን በአባት በባላንጣም አይደረግም። ልውጣው ባትልም ለምን እንደተወችው ይገባዋል፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

"እሺ፣ የመጨረሻ እናድርገው" አለች። ቀኑ ያልቃል ብላ ተስፋ አድርጋ ነው።

ወንዙ ዳር ድንጋዮቹ እንደ ተኛ ከብት መስኩን ሞልተውት አገኟቸው። ሶፋ ሰፊዋ አንዱን በመዳፏ ዳበሰችው። ያን የመሰለ ጠንካራ ነገር ይህን ያህል እስኪለሰልስ ውኃው ስንት ዘመን እንደላሰው እያሰበች እጇን ሳታነሳ ቆየች። አባቷ ከሥሯ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። የሚወድቀውን ሰው ሊሸከም አይደለም፤ ወደ ፍራሹ ለመምራት ነው የሚቆመው። እሷ ግን በዚያ ጉልበት ላይ መውደቅ ስላስፈራት ቀላል ቀላሉን ብቻ ወጣች። ገባውና "ለኔ ብለሽ ነው እንደ ድመት የምትጠነቀቂው?" ብሎ ተቆጣት።

ጥድ ደኑ ውስጥ ሆን ብላ ተጓተተች። ይህን ድንጋይ ሳልወጣ አልሄድም አለች፣ ጣቴ ተላጠ አለች፣ ዛሬ ልረፍ አለች። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ከድንኳኗ ብትወጣ አባቷ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ ሚስቱ የሠራችለትን ቀይ ሹራብ ለብሶ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዱላውን በጭኖቹ መሐል አቁሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

"ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድመው የተሳፈሩ እርስዎ ነዎት፣ አባባ" አለ ባሏ እየሳቀ ቁልፉን ሲያዞር። ሶፋ ሰፊዋ ከኋላ ፍራሾቹ ላይ ተቀመጠች።

መንገዱ ካለቀበት ቦታ መኪናውን አቁመው ወደ ሸለቆው ገቡ። ባልና ሚስት አንዳንድ ፍራሽ አዝለዋል። አባቷ ጥቂት ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል፤ እጇን ስትዘረጋለት በዱላው ይገፋላታል። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከፊታቸው ካለው ቅጠል አልፎ የሚታይ የለም። እሷ ዓይኗ መሬት መሬቱን ይፈልጋል። የሰው ቁመት የሚያህል ድንጋይ ባየች ቁጥር "ይሄ ይሆን?" ትላለች፤ እሱ "አይደለም" ይላል። ሌላ ታያለች፤ አሁንም "አይደለም"። በሆዷ "እባክህ ትንሽ ከፍ በል" ትላለች ላላየችው ድንጋይ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ደረሱ። ጥላው ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል። "እዚህ እንረፍ" ብላ ፍራሹን ከጀርባዋ አወረደችና ከዛፉ ኋላ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ባሏ ውኃ አወጣ።

"አባባ፣ ሳንጠፋ አልቀረንም" አለ። "እዚህ ዛፍ ነው እንጂ የምን ቁጥቋጦ!"

አባቷ ኮፍያውን አውልቆ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፏል።

"ወፍራለች" አለ በመጨረሻ። "ቁመቷ ግን ያው ነው። ቁጥቋጦዋ ይቺ ናት።"

ሶፋ ሰፊዋ ዛፏን አየች። ሦስቱም ተያይዘው ቢያቅፏት እጃቸው አይገጥምም። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ባሏ ትከሻ ላይ ብትቆም እንኳ አይደረስበትም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የፈራችውን ነገር ለማየት እንደምትዞር ሰው፣ ወደተደገፈችው ግድግዳ ዞረች። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ቅጠሉን አልፎ ሄደ። የዛፏ ጫፍ አለቀ፣ ድንጋዩ አላለቀም። ወደ ኋላ ሄደች፣ ከጥላው ወጣች፣ አንጋጠጠች፤ ድንጋዩ አሁንም ይወጣል። አንድ ወጥ ነው፤ ከየትም ያልተያያዘ፣ ለብቻው የተቀመጠ። ወደ ጫፉ አካባቢ ወፎች ይዞራሉ፤ ከመሬት ሲታዩ ዝንብ ያህላሉ። ያቺ ክር የመሰለች ስንጥቅ እግሯ ሥር ትጀምራለች፤ ሰው በጎን ገብቶ ይቆምባታል።

እጇን በአፏ ጫነች። ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ስታይ ኖራ ድንጋይ ያየች ያን ቀን ነው።

"በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል" አለ ባሏ። "እኛ ደግሞ ቁጥቋጦውን አይተን ገደሉን ሳናይ!" ቀልዱን የጀመረው በወትሮው ድምፁ ነበር፤ ሲጨርሰው ግን ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ያንሾካሽክ ነበር።

"ፍራሹን አንጥፉልኝ" አለ አባቷ።

"ልትወጣው ነው?" አለች ደንግጣ።

"ልተኛበት።"

ፍራሾቹን ጎን ለጎን አነጠፉና ሦስቱም በጀርባቸው ተንጋለሉ። ላይ ደመና ይሄዳል፤ ደመናው ሲሄድ የሚሄደው ቋጥኙ እየመሰለ ራስ ያዞራል። ሶፋ ሰፊዋ የፍራሹን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ፈርታለች፣ ደስ ብሏታል፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ አታውቅም።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከንም?"

"ነግሬ ነበር። አንድ ጊዜ።"

"ለምን አልደገምከውም? ለምን ዝም ብለህ ተሳቀብህ?"

"እናትሽ ስትስቅ ደስ ትለኝ ነበር" አለ። "ደግሞ ሰው ሲስቅብሽ ሲስቅብሽ አንቺም ትጠራጠሪያለሽ። ጠዋት ጠዋት ያቺን ቁጥቋጦ እያየሁ፣ እውነትም ቁጥቋጦ ብትሆንስ? እል ነበር። አንቺ ብቻ የፈራሽ መሰለሽ? ጥድ ደኑ ውስጥ ስትጓተቺ አንድ ልቤ ይቆጣል፣ አንድ ልቤ 'ተመስገን፣ ሳናየው እንመለስ' ይላል።"

እጁን ፈልጋ ያዘችው። ያን ሁሉ ቀን ስትደብቀው የከረመችውን ነገር ለካስ እሱም ይደብቀው ነበር።

"ያኔ ግን ሞከሩት?" አለ ባሏ።

"አቀፍኩት፤ ከዚያ ተመለስኩ። ትልቅ ነገር ፊት ቆሞ መመለስ ምን ነውር አለው?"

ሶፋ ሰፊዋ ተነስታ ወደ ቋጥኙ ሄደች። የመውጫ ጫማዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አላወጣችውም። ደረቷን አስጠግታ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ጉንጯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ከውስጡ የሚመጣ ድምፅ የለም፤ እሷ ግን የሚሰማ ነገር ያለ ይመስል ብዙ ቆየች።

ከመሄዳቸው በፊት አባቷን ፎቶ ላንሳህ አለችው። በሸለቆው የሚወርደውን ጅረት ተሻግራ ማዶ ካለው ዳገት ወጣች፤ ቋጥኙ አልገባ ስላላት ደግሞ ወደ ላይ ወጣች፣ ደግሞ ወጣች። አባቷ አሮጌውን ፎቶ ሊያነሳ ያን ጊዜ የሄደውን መንገድ ሁሉ እየሄደች እንደሆነ የገባት ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ቋጥኙ ሙሉ ሲገባላት ፊቱ አይለይም ነበር። ዛፏ ቁጥቋጦ ሆናለች፤ ከቁጥቋጦዋ አጠገብ ቀይ ነጥብ አለች። ነጥቧ እጇን አነሳች።

ስትመለስ ስልኳን ሰጠችው። መነጽሩን አውርዶ ከዳር እስከ ዳር ፈለገ።

"እኔ የታለሁ?"

"ይኸው፤ ይቺ ቀይዋ።"

"ይቺ? እኔ ይቺን ነው የማህለው?" አለና ሳቀ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማችውም ነበር። ሰው ማነሱን አይቶ እንዲያ ደስ ሲለው ያየችውም ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ራሱን ለክቶ፣ ጥፍሩን ከቀዩ ነጥብ ጀምሮ እያነባበረ እስከ ቋጥኙ ጫፍ ድረስ ወሰደው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ሰው አንድ ፎቅ እያለ እየቆጠረ ነው።

"ስምንት" አለ።

"ለእማዬ ግን ስድስት ነበር ያልካት።"

"ያኔም ስምንት መሆኑን አውቅ ነበር" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። "ሁለቱን የቀነስኩት እንድታምነኝ ብዬ ነው።"